በክርስቲያን ኮሌጅ የነርሲንግ ዲግሪ መማር፦ ለአንዲት ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዕድሜዬ 27 ነው፤ አላገባሁም። በዲቪ መጥቼ ግሪን ካርድ አለኝ፤ በአንድ ነርሲንግ ሆም በጂኤንኤነት (በአረጋውያን ነርስ ረዳትነት) ሌሊት ሌሊት እሠራለሁ። በነርሲንግ ዲግሪ ለመያዝ አስቤ ሳለሁ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የክርስቲያን ኮሌጅ እንድሞክር መከረችኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እናቴ ደግሞ ሃይማኖትሽን ያስቀይሩሻል ብላ ሰግታለች። ዲግሪው ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ጋር እኩል ይታያል ወይ? በእምነቴ በኩልስ ምን ይጠብቀኛል? ክፍያውንና ሥራዬንስ እንዴት ላስማማ?»

መልስ፦ ውድ እህት፣ ጥያቄዎ በውስጡ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይዟል፤ የምክሬም ፍሬ ነገር ሁለቱን ለያይተው ይጠይቁ የሚል ነው። አንደኛው «ይህ ኮሌጅ ነርስ ያደርገኛል ወይ?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «በዚህ ኮሌጅ ውስጥ እንደ እምነቴ መኖርና መማር እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው። «ክርስቲያን» የሚለው መጠሪያ ስለ ሁለተኛው ጥቂት ፍንጭ ይሰጥ ይሆናል እንጂ ስለ መጀመሪያው ምንም አይነግርዎትም። በዚህ አካባቢ ነርሲንግ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ካየኋቸው የአገራችን ልጆች ብዙዎቹ የተቸገሩት በስሙ ተማምነው የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳይጠይቁ በመግባታቸው፣ ወይም ደግሞ ስሙን ፈርተው ጥሩ ዕድል በማሳለፋቸው ነው።

በቅድሚያ ዲግሪውን በሚመለከት። በአሜሪካ ነርስ ሆኖ ለመሥራት ፈቃድ የሚሰጠው ኮሌጁ ሳይሆን የየስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ነው። ቦርዱ ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ እርሱ ካጸደቀው ፕሮግራም የተመረቀና ኤንክሌክስ የሚባለውን አገር አቀፍ ፈተና ያለፈ ሰው ሲሆን ነው። ፈተናው ለካቶሊክ ኮሌጅ ምሩቅም፣ ለአድቬንቲስት ኮሌጅ ምሩቅም፣ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅም አንድ ነው፤ የሁለት ዓመቱን የአሶሺየት ዲግሪ ይዞ የሚመጣው ተማሪ እንኳ የሚቀመጠው ለዚያው ፈተና ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ተገቢው ዕውቅና ካለው ዲግሪው በሁሉም ዘንድ እኩል ነው፤ ቀጣሪ ሆስፒታልም ሆነ ወደፊት ለማስተርስ የሚያመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የየትኛው ቤተ እምነት ነው ብሎ አይጠይቅዎትም።

ዕውቅና ሲባል ግን ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሦስቱም መሟላት አለባቸው። የመጀመሪያው የነርሲንግ ቦርዱ ማጽደቂያ ነው፤ ያለ እርሱ ለፈተና መቀመጥ አይቻልም። ሁለተኛው የኮሌጁ አጠቃላይ ዕውቅና ሲሆን፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ ብዙዎቹን ኮሌጆች የሚመዝነው ሚድል ስቴትስ የተባለው ኮሚሽን ነው፤ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ የሚገኘው ዕውቅና ባለው ተቋም ሲማሩ ብቻ ነው። ሦስተኛው የነርሲንግ ፕሮግራሙ የራሱ የሙያ ዕውቅና ነው፤ በዲግሪ ደረጃ በአብዛኛው የሚታወቁት ሲ.ሲ.ኤን.ኢ. እና ኤ.ሲ.ኢ.ኤን. የሚባሉት ናቸው። ይህ የሙያ ዕውቅና የሌለው ፕሮግራም ኤንክሌክስ ሊያስፈትን ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ብዙ ሆስፒታሎችና የማስተርስ ፕሮግራሞች ዕውቅና ካለው ፕሮግራም የተመረቀ ሰው ስለሚፈልጉ ጉዳቱ ቆይቶ ይመጣል። ሦስቱንም የኮሌጁ የምዝገባ ሠራተኛ ስለነገረዎት ብቻ አይመኑ፤ የቦርዱና የዕውቅና ሰጪዎቹ ድረ ገጾች ዝርዝሩን ለሁሉም ክፍት አድርገውታል፤ እዚያው ገብተው ያጣሩ። ፕሮግራሙ «በማስጠንቀቂያ» ወይም «በሁኔታ ላይ በተመሠረተ ማጽደቂያ» ሥር መሆን አለመሆኑንም እዚያው ያገኙታል።

ይህን አጥብቄ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በጃንዋሪ 2023 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በፍሎሪዳ ከነበሩ ሦስት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ ዲፕሎማዎችና ትራንስክሪፕቶች ተሽጠዋል በማለት 25 ሰዎችን መክሰሱን አስታውቆ ነበር። ከሦስቱ የአንዱ ስም ማንም የሰማው ሰው የካቶሊክ ገዳም ነው ብሎ ሊያምንበት የሚችል ስም ነበር። ወረቀቱን ገዝተው ፈተናውን ካለፉት ሰዎች ብዙዎቹ በየስቴቱ ፈቃዳቸውን ተነጥቀዋል። በአቋራጭ የሚያስመርቅ፣ የክሊኒካል ልምምድ የማይጠይቅ፣ «ሥራሽን ሳትለቂ በጥቂት ወር» የሚል ማስታወቂያ ካዩ መስቀል ቢኖርበትም አይቅረቡት።

ከዕውቅናው ቀጥሎ የሚታየው የፈተና ማለፊያ መጠን ነው። የሜሪላንድም ሆነ የቨርጂኒያ የነርሲንግ ቦርድ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ተማሪዎች በመጀመሪያ ሙከራ ያለፉበትን መጠን በየዓመቱ ያወጣል። ፈተናው በኤፕሪል 2023 አዲሱን መልኩን ከያዘ ወዲህ በአገር ደረጃ የአሜሪካ ምሩቃን የመጀመሪያ ሙከራ ውጤት 90 በመቶ አካባቢ ሆኗል። አንድ ኮሌጅ በአንድ ዓመት ዝቅ ቢል ብዙ ላያስደነግጥ ይችላል፤ በተለይ ትንሽ ኮሌጅ ከሆነና የተፈተኑት ሃያ ወይም ሠላሳ ተማሪዎች ከሆኑ የሁለትና የሦስት ሰው መውደቅ ቁጥሩን በእጅጉ ያዛባዋል። በተከታታይ ለበርካታ ዓመታት ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ግን ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

የማለፊያው መጠን ብቻውንም አያስተማምንም። አንዳንድ ፕሮግራም ውጤቱ የሚያምረው ደካማ ያላቸውን ተማሪዎች በሦስተኛው ዓመት እያሰናበተ ጠንካሮቹን ብቻ ለፈተና ስለሚያቀርብ ነው። የተሰናበተችው ተማሪ ደግሞ ዕዳዋን ይዛ ትወጣለች፤ የወሰደቻቸውን የነርሲንግ ኮርሶችም ሌላ ኮሌጅ የሚቀበልላት እምብዛም አይደለም። ስለዚህ የነርሲንግ ክፍሉን ኃላፊ በቀጥታ «ከአራት ዓመት በፊት ወደ ነርሲንግ ኮርሶች ከገቡት ተማሪዎች ምን ያህሉ በጊዜያቸው ተመረቁ? አንድ ኮርስ የወደቀ ተማሪ ስንት ጊዜ እንዲደግም ይፈቀድለታል? የማለፊያው ነጥብ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። በብዙ ፕሮግራሞች ከ75 እስከ 78 በመቶ ያላመጣ ተማሪ ወድቋል፤ የመድኃኒት መጠን ስሌት ፈተና ላይ ደግሞ 90 ወይም 100 የሚጠይቁ አሉ። የክርስቲያን ኮሌጅ ትልቁ ጥቅም የሚታየኝ እንዲያውም እዚህ ላይ ነው፤ ክፍሎቹ ብዙውን ጊዜ ትንንሽ ናቸው፣ መምህሩ ተማሪውን በስም ያውቀዋል፣ ሲዳከምም ጠርቶ ያነጋግረዋል። ነገር ግን ይህ በሁሉም አለ ማለት አይደለም፤ በሁለተኛና በሦስተኛ ዓመት ያሉ ተማሪዎችን አግኝተው ማነጋገር ከማንኛውም ብሮሹር ይበልጣል።

አሁን ወደ እምነቱ ጉዳይ እንምጣ። «ክርስቲያን ኮሌጅ» ሲባል አንድ ዓይነት ተቋም አይደለም። እርስዎ ባሉበት አካባቢ እንኳ ብንመለከት፣ በዲሲ የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ፣ ጆርጅታውንና ትሪኒቲ ዋሽንግተን፣ በአርሊንግተን ሜሪማውንት፣ በባልቲሞር ኖትር ዳም ኦቭ ሜሪላንድ የካቶሊክ ተቋማት ናቸው፤ በታኮማ ፓርክ ከ1904 ጀምሮ ያለው፣ እስከ 2009 ኮሎምቢያ ዩኒየን ኮሌጅ ይባል የነበረው ዋሽንግተን አድቬንቲስት ዩኒቨርሲቲ የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስቶች ነው፤ ራቅ ብሎ በቨርጂኒያ ሃሪሰንበርግ ያለው ኢስተርን ሜኖናይት ደግሞ የሜኖናይቶች ነው። ከአገሩ በሌላው ጫፍ፣ በካሊፎርኒያ፣ እንደ ባዮላ ያሉ ወንጌላውያን ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀበሉት የክርስትና እምነቱን የሚመሰክር ተማሪ ብቻ ነው። እነዚህን ተቋማት የጠቀስኩት ልዩነቱን ለማሳየት እንጂ ለማስተዋወቅ አይደለም፤ ከላይ ያልኩትን ማጣራት ለእያንዳንዳቸው ያድርጉ።

የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች በአጠቃላይ ከተማሪ የእምነት ፊርማ አይጠይቁም፤ ሙስሊምም፣ አይሁዳዊም፣ እምነት የለኝም የሚልም ይማርባቸዋል። የሚጠይቁት ጥቂት የሥነ መለኮትና የፍልስፍና ኮርሶችን ነው። የአድቬንቲስት ዩኒቨርሲቲዎችም በአብዛኛው የሌላ እምነት ተማሪ ይቀበላሉ፤ ሆኖም የሃይማኖት ኮርሶችን፣ በየሳምንቱ ወይም በየተወሰነ ጊዜ በጸሎት ጉባኤ መገኘትን፣ እንዲሁም በግቢው ውስጥ ከመጠጥና ከሲጋራ መራቅን የመሳሰሉ የአኗኗር ደንቦችን ያስጠብቃሉ። ከወንጌላውያኑ መካከል ደግሞ ከግቢ ውጭም የሚከተል የአኗኗር ቃል ኪዳን የሚያስፈርሙ፣ አልፎም የእምነት መግለጫ የሚያስፈርሙ አሉ። የሃይማኖት ኮርሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ክሬዲት ይሆናል፤ ከሌላ ኮሌጅ ክሬዲት ይዞ ለሚገባ ተማሪ ብዙዎቹ ይቀንሱለታል፤ ይህንንም መጠየቅ አይርሱ፤ ለእያንዳንዱ ክሬዲት ይከፍሉበታልና።

እናትዎ የሰጉት ስጋት ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ አላቃልለውም። ዕውቅና ያለው ኮሌጅ ካልተጠመቅሽ ወይም ቤተ ክርስቲያንሽን ካልተውሽ ዲግሪ አልሰጥሽም አይልም። የጸሎት ጉባኤ መገኘት ግን አለ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮርሱም ትምህርቱን የሚያስተምረው በዚያ ቤተ እምነት አተረጓጎም ነው፤ ስለ እመቤታችን፣ ስለ ቅዱሳን ምልጃ፣ ስለ ምሥጢራት የሚነገረው እርስዎ ካደጉበት ሊለይ ይችላል። በፈተና ላይ የሚጠየቁት «መምህሩ ያስተማረው ምን ይላል?» የሚለውን እንጂ «አንቺ ምን ታምኛለሽ?» የሚለውን አይደለም፤ ይህን ልዩነት ያወቀች ተማሪ ኮርሱን በሰላም ትወስዳለች፤ አንዳንዷም የራሷን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የነፍስ አባቷን ለመጠየቅ የምትነሣው ያን ጊዜ ነው። ፊርማን በሚመለከት ግን ቁርጥ ያለ አሳብ አለኝ። የአኗኗር ደንብ መጠበቅ ከቻሉ ይፈርሙ፤ የማያምኑበትን የእምነት መግለጫ ግን ለዲግሪ ሲሉ አይፈርሙ። የነርስ ሥራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በፊርማ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ያልሰጡትን መድኃኒት ሰጠሁ ብለው የማይፈርሙ ሰው በእምነትዎም ላይ እንደዚያው ይሁኑ። ሰነዱን ሙሉውን ከማመልከቻው በፊት ይጠይቁ፤ ካልገባዎት የኮሌጁን የካምፓስ ቄስ «እኔ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነኝ፤ ይህን ብፈርም ከእኔ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለው ይጠይቁት። አብዛኞቹ በግልጽና በአክብሮት ይመልሱልዎታል።

ከዚህ ይልቅ ሰዎች የማያስቡት የቀን መቁጠሪያው ጉዳይ ነው። በአድቬንቲስት ተቋም ከዓርብ ፀሐይ መጥለቂያ እስከ ቅዳሜ ፀሐይ መጥለቂያ ትምህርትም ልምምድም የለም፤ ቀዳሚት ሰንበትን ማክበር ለእኛ ቤተ ክርስቲያንም እንግዳ አይደለምና ይህ ደስ ሊያሰኝዎት ይችላል። ነገር ግን ከሳምንቱ አንድ ቀን የተነሣበት ፕሮግራም እሑድን ለላቦራቶሪ ወይም ለሆስፒታል ልምምድ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚቀርብዎት ቅዳሴ ነው። በሌሎቹም ቢሆን ሆስፒታል ቦታ በጠፋ ጊዜ የቅዳሜና እሑድ ልምምድ አይቀርም። ገና ብዙውን ጊዜ ከሴሚስተር መክፈቻ በፊት ይውላል፤ ጥምቀት፣ ስቅለትና ፋሲካ ግን ከምዕራቡ አቆጣጠር ጋር ሳይገጥሙ ሲቀሩ በትምህርት መካከል ይወድቃሉ። የልምምድ ሰዓት በቦርድና በፕሮግራም መመሪያ የሚጠበቅ ስለሆነ የቀሩበት ቀን ይተካ ይባላል እንጂ ይቅር አይባልም። ስለዚህ የኮርሱ መርሐ ግብር በእጅዎ እንደገባ፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ስቅለት የሚውልበትን ቀን ጽፈው ለልምምድ አስተባባሪዋ ይስጡ። ቀድሞ ለተጠየቀ ሃይማኖታዊ በዓል መፍትሔ ይገኛል፤ በዋዜማው ለተላከ መልእክት ግን አይገኝም። በነገራችን ላይ የአድቬንቲስት ካፍቴሪያ ሥጋ የሌለበት ምግብ የተለመደበት መሆኑ ለጿሚ ምቹ ነው፤ ወተትና እንቁላል እንዳለበት ብቻ ጠይቀው ያረጋግጡ።

አሁን ደግሞ የክርስቲያን ኮሌጅ በእርግጥ ሊሰጥ ስለሚችለውና እኔም ከሁሉ አብልጬ ስለምወድለት ነገር ልጻፍ፤ እርሱም መንፈሳዊ እንክብካቤ የሚባለው ነው። ኤንክሌክስ ራሱ ሃይማኖትና መንፈሳዊነት በጤና ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ ከሚጠይቅባቸው ነጥቦች መካከል አስገብቶታል፤ ይሁን እንጂ በብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ንግግር ተነካክቶ ያልፋል። ጥሩ የክርስቲያን ኮሌጅ ግን ተማሪው በየታካሚው አልጋ አጠገብ እንዲለማመደው ያደርጋል። የተለመደው መጠየቂያ ፋይካ የሚባለው ሲሆን፣ በ1990ዎቹ ያዘጋጁት የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዋ ሐኪም ክርስቲና ፑቻልስኪ ናቸው። ነርሷ ታካሚዋን እምነት እንዳላት፣ እምነቷ በሕክምና ውሳኔዋ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ የምትደገፍበት ማኅበረ ምእመናን እንዳለ፣ በመጨረሻም ይህ ሁሉ በሕክምናው ውስጥ እንዴት እንዲታይላት እንደምትፈልግ ትጠይቃለች።

ጥቅሙን በአንድ ምሳሌ ላሳይዎት። የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ የአገራችን እናት በዐቢይ ጾም ሆስፒታል ተኝተዋል እንበል። ጠዋት ስኳራቸው ይለካል፤ ነርሷ ከቁርስ በፊት የሚሰጠውን ፈጣን ኢንሱሊን ትወጋቸዋለች፤ ምግቡ ይቀርባል፤ እርሳቸው በአክብሮት «አመሰግናለሁ» ብለው ሳይነኩት ይቀመጣሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉና። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸው ይምታታል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ትእዛዝ ሁሉ በትክክል ተፈጽሟል። የጎደለው አንዲት ጥያቄ ናት፤ በሙያ አስተርጓሚ በኩል «እማማ፣ ይጾማሉ?» የምትል። ያን ያወቀች ነርስ ከመውጋቷ በፊት ሐኪሙን ጠርታ የመድኃኒቱን ጊዜ ታስለውጣለች፤ ለቤተሰቡም ሕመምተኛ በነፍስ አባቱ ፈቃድ ከጾም ሊያርፍ እንደሚችል አስታውሳ ካህን እንዲጠራ መንገድ ታመቻቻለች። ይህ ለሙስሊም ታካሚ በረመዳን፣ ደም አልወስድም ለሚል የይሖዋ ምስክር በቀዶ ሕክምና ዋዜማም እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወሰን አለ፤ ጥሩ ኮሌጅ ከመጥፎው የሚለየውም በእርሱ ነው። መንፈሳዊ እንክብካቤ የታካሚውን እምነት ማገልገል እንጂ የነርሷን እምነት መስበኪያ አይደለም። ታካሚው ከጠየቀ ወይም ፈቃዱን ከሰጠ አብሮ መጸለይ ይቻላል፤ ያልጠየቀን፣ መነሣት የማይችልን፣ የሆስፒታል ጋውን ለብሶ እርስዎን የሚጠብቅን ሰው ግን ወደ እምነት መጋበዝ በሥልጣን መጠቀም ነው። ስለዚህ ኮሌጁን ሲጎበኙ መምህሯን «ተማሪ ከታካሚ ጋር መቼ ይጸልያል?» ብለው ይጠይቋት። የታካሚውን ፈቃድ ያስቀደመ መልስ ከሰጠችዎት ጥሩ ቦታ ላይ ነዎት።

ከዚሁ ጋር የሕሊና ጉዳይ ይነሣል። የካቶሊክ ሆስፒታሎች በአሜሪካ ጳጳሳት ጉባኤ መመሪያ ስለሚተዳደሩ ጽንስ ማቋረጥም ሆነ ለእርግዝና መከላከያ ብቻ የሚደረግ የማህፀን ቱቦ ማስቋጠር አይፈጽሙም፤ የሌሎች ሆስፒታሎች አሠራር ከዚህ ይለያል። የኮሌጁ ሃይማኖት አንድ ሆኖ የልምምድ ሆስፒታሉ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከ1973 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የሕሊና ጥበቃ ስላለ ተማሪ እምነቱ በማይፈቅድለት ሂደት አልሳተፍም ለማለት መንገድ አለው፤ ነገር ግን ታካሚዋን መንከባከብ፣ ማክበርና ምሥጢሯን መጠበቅ በማንም ላይ አይቀርም። ይህንንም አስቀድሞ ለመምህር ማሳወቅ ይገባል እንጂ በክፍሉ በር ላይ የሚነሣ ነገር አይደለም።

ወደ ክፍያው ስንመጣ፣ የክርስቲያን ኮሌጆች በአብዛኛው የግል ናቸው፤ በዓመት የትምህርት ክፍያ ብቻ ከ25 ሺህ እስከ 50 ሺህ ዶላርና ከዚያም በላይ የሚጠይቁ አሉ። በድረ ገጹ የሚያዩት ዋጋ ሁሉም የሚከፍለው አይደለም፤ እያንዳንዱ ኮሌጅ በሕግ የተጣራ ዋጋ ማስያ በድረ ገጹ ላይ ማስቀመጥ ስላለበት ገቢዎን አስገብተው የእርስዎን ዋጋ ይመልከቱ። ዕድሜዎ ከ24 በላይ በመሆኑ ፋፍሳ በሚባለው የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ላይ ራስዎን እንደቻሉ ተማሪ ይቆጠራሉ፤ የወላጅ ገቢ አይጠየቁም። ግሪን ካርድ ስላለዎት ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የፌዴራል ድጎማ የማግኘት መብት አለዎት፤ ለ2025–26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ልጅ የሌለዎት ያላገቡ ሠራተኛ ስለሆኑና ስሌቱ ከሁለት ዓመት በፊት ባለው የታክስ ወረቀት ላይ ስለሚመሠረት የሌሊት ሥራው ገቢ ድጎማውን ሊቀንስብዎ ይችላል። የፌዴራል ብድሩ ለእርስዎ ዓይነት ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 9,500፣ በሁለተኛው እስከ 10,500፣ ከዚያ በኋላ በዓመት እስከ 12,500 ሲሆን ጠቅላላው ከ57,500 አያልፍም። ድጎማውና ይህ ብድር ተደምሮ ክፍያውን ካልሸፈነ ቀሪውን በባንክ ብድር፣ ዘመድ ኮሳይነር (አብሮ ፈርሞ ለዕዳው የሚጠየቅ ዋስ) አድርገው እንዲሸፍኑ አልመክርዎትም። በሜይ 2024 የአንድ ሬጂስተርድ ነርስ መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ በአገር ደረጃ 93,600 ዶላር ነበር፤ ጥሩ ገቢ ነው፤ ነገር ግን ባይመረቁም ዕዳው ይቀራል።

የእኔ ምርጫ ለእርስዎ ይህ ነው። የካውንቲው የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ የሆነው የሞንትጎመሪ ኮሌጅ የታኮማ ፓርክ–ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ በደጅዎ ነው፤ ለካውንቲው ነዋሪ ክፍያው ከግል ኮሌጅ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለትን፣ ማይክሮባዮሎጂን፣ ስታቲስቲክስን፣ ሳይኮሎጂንና የእንግሊዝኛ ጽሕፈትን እዚያ ይውሰዱ። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። ክሬዲቱን ይዘው ወደ መረጡት የክርስቲያን ኮሌጅ መዛወር አንዱ ነው፤ የትኛው ኮርስ እንደሚያዝልዎት ከመጀመርዎ በፊት በጽሑፍ ያግኙ፣ የሳይንስ ኮርሶች አምስት ወይም ሰባት ዓመት ካለፋቸው የማይቀበሉ መኖራቸውንም ይወቁ። ሁለተኛው እዚያው የአሶሺየት ዲግሪውን ጨርሶ፣ ኤንክሌክስ አልፎ፣ በነርስ ደመወዝ እየሠሩ በክርስቲያን ኮሌጅ የዲግሪ ማሟያውን መማር ነው፤ ይህ ማሟያ ብዙ ቦታ በኦንላይን የሚሰጥ ሲሆን፣ አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ታክስ ሳይቆረጥበት የትምህርት ድጋፍ ሊሰጥዎት ይችላል። በቀጥታ ወደ አራት ዓመቱ መግባት የሚሻለው ኮሌጁ ትልቅ ስኮላርሺፕ ከሰጠዎት ነው። ነርስ ኮር የሚባለው የፌዴራል ስኮላርሺፕም ለግሪን ካርድ ባለቤት ክፍት ነው፤ ክፍያውን ሸፍኖ ወርኃዊ ድጎማ የሚሰጥ ሲሆን፣ በምላሹ ነርስ በሚያጥርበት ተቋም ቢያንስ ሁለት ዓመት ያሠራል።

ሥራውን በሚመለከት፣ የመሠረት ኮርሶቹን ሌሊት እየሠሩ መግፋት ይቻላል። የነርሲንግ ኮርሶቹ ሲጀምሩ ግን ልምምዱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሪፖርት ከመቀበል ይጀምራል፤ አንዳንዱም አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይቆያል። ሌሊቱን ሠርቶ ጠዋት መድኃኒት ለመስጠት መቆም ለታካሚውም ለእርስዎም አደጋ ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞችም በግልጽ ይከለክሉታል። ብዙ ነርሲንግ ሆሞች ለቅዳሜና እሑድ ሠራተኛ የተሻለ ስለሚከፍሉ ሰዓትዎን ወደዚያ ለማዛወር ከአሁኑ ይነጋገሩ።

የጥናቱን ጠባይም ላመልክትዎት። የአገራችን ተማሪዎች በቃል መያዝ ላይ ብርቱ ነን፤ ኤንክሌክስ ግን የሚፈትነው ማስቀደምን ነው። አራት ታካሚዎች አሉዎት እንበል፤ አንዱ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመሙን ከአሥር ሰባት ይለዋል፤ ሁለተኛው ስኳሩ 250 ነው፤ ሦስተኛው የቆየ የሳንባ ሕመም ያለበት ሆኖ ኦክስጅኑ 90 ነው፤ አራተኛዋ ዛሬ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ስትተነፍስ ጉሮሮዋ ይጮኻል። የሚሄዱት ወደ አራተኛዋ ነው፤ የአየር መንገዷ እየተዘጋ ሊሆን ይችላልና። ሦስተኛው ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ለሕመሙ የሚጠበቅ ነው። ፈተናው ከ85 እስከ 150 ጥያቄ በአምስት ሰዓት ውስጥ ሲሆን፣ እንዲህ ያለውን አስተሳሰብ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ የሚያለማምድ ኮሌጅ ይምረጡ።

በመጨረሻም ወረቀቶቹን በጊዜ ያሰናዱ። ፋፍሳ በየዓመቱ በኦክቶበር መጀመሪያ ይከፈታል፤ በነጻ የሚሞላ ስለሆነ ለማንም አይክፈሉበት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዎን ከኢትዮጵያ አስልኮ ማስገምገም ወራት ሊፈጅ ይችላል። የጀርባ ምርመራና የክትባት ማስረጃ ከልምምድ በፊት ይጠየቃሉ። በልጅነትዎ የቢሲጂ ክትባት ወስደው ከሆነ የክንድ ቆዳ ላይ የሚደረገው የቲቢ ምርመራ ሕመሙ ሳይኖርብዎት ሊያብጥ ይችላል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው በደም የሚደረገውን፣ ኳንቲፌሮን የሚባለውን ምርመራ እንዲያዝልዎት ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ክትባቱ እርሱን አያዛባውም።